የተተከለው ቶርኖ

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የዘንድሮው የደድዛ ብርድ ሽማግሌና ወጣት አልለየም፤ እርስዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? ደብዳቤ የሚጻፈው ሩቅ ላለ ዘመድ ነው፤ እኔ ግን ሠላሳ አምስት እርምጃ ላይ ላሉት ለእርስዎ እጽፋለሁ። ዛሬ ማለዳ የጋሽ ዛኬዮን ዶሮዎች ከጎመንዎ ሲያባርሩ፣ ባለቤታቸውንም አብረው ሲያነሱ ድምፅዎን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ። ቢሆንም ሰላምታ ሳያስቀድሙ ነገር መጀመር ነውር ነውና መጠየቄን አልተውም። እኔ ከብርዱና ከቤቱ ዝምታ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የምጽፈው ቆሜ ልነግርዎ የማልችለው ነገር ስላለ ነው። አማች ከአማቱ ፊት ቆሞ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው አይልም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሕግ አንድ ቀን አልተላለፍኩም። መንገድ ላይ ሲመጡ ወደ ሣሩ ወርጄ አሳልፌዎታለሁ፤ የምለው ሲኖረኝ በዳይሌሲ በኩል ልኬያለሁ። አሁን መልእክተኛዬ የለችም። በወንድምዎ በጋሽ ዛኬዮ በኩል እንዳልልክ፣ ነገሩ እሳቸውንም ይነካል፤ ደግሞ እሳቸው ሦስት ቃል ከሰጧቸው ሠላሳ አድርገው ነው የሚያደርሱት። ወረቀት ግን ቀና ብሎ ፊት አያይም። ማንበብ እንደሚችሉም አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድ የመዝሙሩን መጽሐፍ ጮክ ብለው ሲያነቡ ድምፅዎ አጥር ተሻግሮ ይመጣል።

ደብዳቤውን ከነገ ወዲያ፣ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሊዙሉ ገበያ ስሄድ፣ ከቶርኖው ትልቅ ሽብልቅ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ለምን እዚያ እንደማስቀምጠው ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ጋሽ ዛኬዮ ሐሙስ ዕለት መጥተው ቀኑን ነገሩኝ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ስለ ድንቹ ዋጋ አውርተው ሲያበቁ፦ «እንግዲህ ልጄ፣ ሚስትህን በደንብ አስታመሃል፣ በደንብ ቀብረሃል። ዓመቱም ሞላ። እኛ ካንተ ጋር ቂም የለንም፤ አንተም ከእኛ ጋር አይኑርህ። ቦሎቄው ተወቅቶ እንዳለቀ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ እንሸኝሃለን። ወደ እናትህ ልጆች ትገባለህ» አሉኝ። አልተቆጣሁም። በአገራችን ሴት ልጅ ቀዬዋን አትለቅም፤ ባል ነው ጓዙን ይዞ የሚመጣው፤ እሷ ስትሞት ደግሞ ጓዙን ይዞ ይመለሳል። ልጅ ወልደን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ልጆቹን ለማየት የምመላለስበት ሰበብ ይኖረኝ ነበር። ያም አልሆነም።

ከዚያ ተነስተው ሲወጡ ዳሱ ሥር ያለውን ቶርኖ በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና፦ «የቆመውን ነገር ሁሉ ውሰድ። የተተከለው የእኛ ነው፤ መቼም ታውቃለህ» አሉ። ጥቂት ሄደው ዞር አሉና ደግሞ፦ «ከፈለግህ ግን ከመሬት በላይ ያለውን በመጋዝ መቁረጥ ትችላለህ። ጉቶው ይበቃናል!» ብለው ሳቁ። ሰው አይጠሉም፤ ጨዋታቸው ነው። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም።

ስለዚህ ስለ ቶርኖው እውነቱን ልንገርዎ። እርስዎ ከአጥር ወዲያ የሰሙትን እኔ ከአጥር ወዲህ ሆኜ እንዴት እንደነበር ልጻፈው።

እዚህ ስገባ ይዤ የመጣሁት አንድ ብስክሌት፣ መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ ሁለት መሮና አንድ የሰሌን ምንጣፍ ነበር። አጎቴ ሲሸኘኝ፦ «ሚስትህ አገር የማትሸከመውን ነገር እንዳትሠራ» ብሎኝ ነበር። ቶርኖውንም መጀመሪያ የሠራሁት በዚህ ምክር ነው። ከባሕር ዛፍ ሁለት አግዳሚ ጠረብኩ፤ እንደ ጠረጴዛ አራት እግር አወጣሁላቸው፤ በመሃላቸው እንጨቱን ግራና ቀኝ የሚይዙ ሁለት ቋሚዎች በሽብልቅ አጠበቅሁ። እንጨቱን የሚወጉት ሹሎች ከመንገድ ሠራተኞች የለመንኩት ፌሮ ናቸው፤ በድንጋይ ስስላቸው ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከኮክ ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ረጅም፣ ለጋ የባሕር ዛፍ ዘንግ አሰርኩ። ከዘንጉ ጫፍ የቃጫ ገመድ ይወርዳል፤ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ይጠመጥመዋል፤ ታች ወርዶ ከመርገጫው ይያዛል። እግር ሲረግጥ እንጨቱ ወደ ሠሪው ይዞራል፤ ያኔ መሮው ይበላል። እግር ሲነሳ ዘንጉ ገመዱን ስቦ እንጨቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያኔ መሮውን ፈቀቅ ማድረግ ነው። መብራት አይፈልግ፣ ነዳጅ አይፈልግ።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ይሄዳል። እኔ በረገጥኩ ቁጥር ጣት በጣት እየተንፏቀቀ ጠዋት ከኮኩ ሥር ጀምሬ ከሰዓት የጎመኑ ማሳ ጫፍ ላይ እገኛለሁ። ዳይሌሲ በር ላይ ቁጭ ብላ ድንች እየላጠች፦ «ኧረ ያዘው! ወደ እናትህ አገር ተነስቷል! ስንቅ ልቋጥርለት?» ትለኝ ነበር። ድንጋይ ጫንኩበት፤ መሄዱን ቢቀንስም መንቀጥቀጡን አልተወም። የወንበር እግር ልቀርጽ ጀምሬ የሚወጣው ነገር ሌላ ነው።

ሊዙሉ ገበያ ወንበር የሚሸጠውን ቢስዊክን ያውቁታል፤ ከሚሲዮኖች ግቢ እንጨት ሥራ የተማረው፣ ያ ድምፀ ጎርናናው። የቀረጽኩትን እግር ወስጄ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና፦ «ወንድሜ፣ ይህ የወንበር እግር ነው የዶሮ እንቁላል?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው፦ «እግሩ መሬት ያልገባ ቶርኖ ሰካራም ነው። ሁለት ወፍራም ግንድ እስከ ጉልበትህ ቅበር፤ አግዳሚውን እነሱ ላይ አስረው» አለ። «የሚስቴ አገር ነው» አልኩት። የቀረጽኩትን መለሰልኝ። እሱም አማች ነው። «እንግዲያው እንቁላልህን ቅረጽ» አለኝና ወደ ገዢዎቹ ዞረ።

ቤት ገብቼ ለዳይሌሲ ነገርኳት። ሳቀች። እኔም ተውኩት፤ አንድ ወር ያህል እንቁላል ስቀርጽ ቆየሁ። አንድ ማክሰኞ ከሊዙሉ ስመለስ ግን ኮኩ ሥር ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ አገኘሁ። ልኩ ትክክል ነበር፤ አግዳሚዬን በገመድ ለክታ ነው የቆፈረችው። አፈሩን እንኳ ከዳር ከዳር ከምራዋለች። እጇ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። «ምን አደረግሽ?» አልኳት። «መሬቱ የእናቴ ነው፤ የእናቴን መሬት ብቆፍር ማን ይጠይቀኛል?» አለች። «ሰው ቢጠይቅስ?» ብላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሰው ከጠየቀማ አንተ ነህ የቆፈርከው። ሴት ጉድጓድ ቆፍራ ባሏን ተከለች ከተባለ መስተፋቅር ቀበረች ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ እስክሞት አያሳርፈኝም። ማልልኝ» አለችኝ። ማልኩላት።

ይኸውልዎ። ቶርኖውን እኔ አልተከልኩትም። ልጅዎ ናት የተከለችው። ግንዶቹን ተሸክሜ ያቆምኩት፣ አፈሩን የጠቀጠቅኩት እኔ ነኝ፤ ጉድጓዱ ግን የእሷ ነው። መሐላዬን ዛሬ አፈረስኩ፤ አሁን አላሳርፍ ሊላት የሚችል ሰው ስለሌለ ይቅር የምትለኝ ይመስለኛል።

በማግስቱ ጋሽ ዛኬዮ መጥተው ግንዶቹን ሲዞሩ፣ ሲገፉ፣ በእግራቸው ሲመቱ ትዝ ይልዎታል። መንደሩ ግማሹ ተከትሏቸው መጥቶ ነበር። «ምካምዊኒ፣ ሚስቱ አገር የገባ አማች፣ ዛፍ አይተክልም ሲባል ነበር የሰማሁት፤ የእኛው አማች ደግሞ ቅጠል የሌለው ዛፍ ሁለት ተክሏል። ይብቀልልህ! ማንጎ ካፈራ እንካፈላለን!» ብለው ሰውን አሳቁ። እርስዎ ከአጥሩ ወዲያ ነበሩ። ሳል መሰለኝ የሰማሁት፤ ዳይሌሲ ግን «እናቴ ሳቋን ስትውጥ ነው» አለችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። እሷ ደግሞ የተላጠ እጇን ከሽርጧ ሥር ደብቃ አብራ ትስቃለች። እንዲህ ያለች ልጅ ነው የወለዱልኝ።

ከዚያ በኋላ ቶርኖው ቀጥ አለ፤ ከኮኩ ሥር ዳስ ጣልኩበት። የወንበር እግር፣ የአልጋ እግር፣ የንሲማ ገንፎ ማማሰያ፣ የመዶሻ እጀታ፣ ያልቀረጽኩት የለም። ዳይሌሲም በስድስት ወር ውስጥ ጀመረች። መጀመሪያ እግሯ መርገጫው ላይ አልደርስ አላት። በገመዱ ጫፍ እኔ አንድ ቋጠሮ ነበረኝ፤ ቋጠሮው ከመርገጫው ስንጥቅ ውስጥ ይያዛል። አጭር ሰው አጭር ገመድ የሚፈልግ ይመስላል፤ ግን በተቃራኒው ነው፤ ገመዱ ሲረዝም መርገጫው ዝቅ ይላል፣ አጭር እግርም ይደርስበታል። ስለዚህ ከእኔ ቋጠሮ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ የራሷን ቋጠረች። እኔ ስሠራ በላይኛው፣ እሷ ስትሠራ በታችኛው። ማማሰያና ዘነዘና የእሷ ሥራ ሆነ። ሊዙሉ ላይ «የሴትየዋ ዘነዘና» እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ ከእጅ ስለማያመልጥ። የመያዣውን ወገብ የምታወጣው በራሷ መዳፍ እየለካች ነበር።

ስለ ሕመሟ አልጽፍም፤ እርስዎም እዚያው ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ደረቷን ሳይዛት በፊት የጀመረችው ዘነዘና ነበር። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ለእናቴ፤ የድሮው ተሰንጥቆ ዱቄቷን በስንጥር ሞላው» ብላኝ ነበር። እስከ ግማሽ ደረሰች። ግማሹ ክብ፣ ግማሹ እንደ ተጠረበ ቀረ። ስትተኛ ከቶርኖው አውርጄ የዳሱ ጣሪያ ላይ ሰካሁት። ከቀብሩ በኋላ አራት ወር ቶርኖውን አልነካሁም። ዳሱንም ላለማየት በጓሮ በኩል ነበር የምወጣው።

ከዚያ ሆድ ባዶ ሲሆን እጅ አይቀመጥምና ሥራ ጀመርኩ። የጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ፣ ገመዱ ከእኔ ቋጠሮ ወጥቶ በዳይሌሲ ቋጠሮ ተይዟል። ረስቼ ነው ብዬ መለስኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንዲሁ። ሹሎቹም በለውዝ ዘይት ታሽተዋል፤ እኔ የማሸው በሳሙና ነው። ጣሪያው ላይ ቀና ብዬ ሳይ ዘነዘናው ከነበረበት ተዟዙሯል። ፈራሁ፤ አልዋሽዎትም። የሞተ ሰው ያላለቀ ሥራውን ሊያይ ይመለሳል ይባላል። መፍራቴን ደግሞ አንድ ነገር ይበልጠው ነበር፤ እሷ ከሆነች ደስ ይለኝ ነበር። ያን ሳምንት ሁሉ ማንም እንዳያየኝ እየተጠነቀቅኩ ብቻዬን አወራት ነበር።

መንፈስ ዱካ የለውም ስለሚሉ፣ በሦስተኛው ማክሰኞ ከመርገጫው ዙሪያ ሰጋቱራ በስሱ ነስንሼ ሄድኩ። ስመለስ ዱካ ነበረ። ትንሽ፣ ባዶ እግር፣ የግራው አውራ ጣት ወደ ውጭ ገንጠል ያለ። የማን እንደሆነ መጻፍ የለብኝም። ይህን ብቻ ልበል፤ አማቱን ባገኘ ቁጥር አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት የሚያየው ፊት አይደለም።

እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ስላልሆነች ነው ያለቀስኩት። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ለካ እዚህ ግቢ እሷን የሚፈልግ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ያ ሰው ዘነዘናውን እየቀረጸ ነበር። በየማክሰኞው ሁለት ጣት ያህል ነው የሚሄድለት። መጀመሪያ ፍቅፋቂው አጭርና የተሰባበረ ነበር፤ መሮውን ቀጥ አድርጎ እንደ ማንኪያ ስለሚይዘው ነው። ምን ልበል? ማለት አልችልም። ስለዚህ የመሮውን መደገፊያ ጣት ያህል ዝቅ አደረግሁት። ሰኞ ሰኞ ማታ ከመተኛቴ በፊት መሮውን ስዬ፣ ጀርባውን እንጨት ላይ አሳርፌ አስቀምጠው ነበር፤ እንዴት እንደሚያዝ ዓይን ያለው እንዲያይ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ፍቅፋቂው ረዘመ። በሌላኛው ደግሞ ሳይበጠስ ከመዳፌ እስከ ክርኔ የሚደርስ አንድ ፍቅፋቂ አግዳሚው ላይ ተጋድሞ አገኘሁ። ወድቆ የቀረ አይመስልም ነበር፤ አስቀምጦት የሄደ ሰው አለ። ኪሴ ውስጥ ከትቼው ለሳምንት ያህል ዞርኩ።

ያ ሰው በሌለሁበት እንዲመጣ ስል ድንችም ሆነ የሚሸጥ ነገር ሳይኖረኝ ሊዙሉ የሄድኩበት ቀን አለ። ቢስዊክ ዘንድ ተቀምጬ ስውል፦ «አንተ ሰው፣ ቤትህ ተቃጠለ እንዴ?» ይለኛል። «ቤት እንግዳ አለ» እለዋለሁ።

አሁን ዘነዘናው አራት ጣት ቀርቶታል። ሁለት ማክሰኞ ያስፈልገዋል። እስከ ቅዳሜ ያለን ማክሰኞ ግን አንድ ነው።

ዓርብ ዕለት መጋዙን ይዤ ዳሱ ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ይህንንም ልናዘዝ። ቢያንስ ከመሬት በላይ ያለውን ልውሰድ፣ ጉቶውን ይዘው ይቅሩ ብዬ ነው፤ ተናድጄ ነበር። መጋዙን ግንዱ ላይ ሳሳርፍ ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማሁ። ብርድ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አላውቅም። መጋዙን መልሼ ሰቀልኩት። የእሷን ጉድጓድ ጉቶ አስይዤ ብሄድ የት አገር ገብቼ እተኛለሁ?

እኅቴ ሐይቁ ዳር፣ ሳሊማ በሚባለው አገር፣ ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ ፍየሎቹን አስወጥታ። ደግ ናት። ባሏ ግን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤቷ በሰባት ልጅ ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ እዚያ አገር ሰው ሆኜ የኖርኩት እስከ ሃያ ዓመቴ ነው። የማውቀው ሰው ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ አያውቀኝም። መሄድ አልፈልግም። በቀጥታ ልጻፈው፤ መሄድ አልፈልግም። እዚህ ነው እጄ ሥራ የለመደው፤ እዚህ ነው የተቀበረችው።

ሰው የሚለውን አውቃለሁ። አማች ሚስቱ ሞታ ከቆየ ታናሽ እኅቷን አይቶ ነው ይላሉ። ሌላ ሚስት ስጡኝ አላልኩም፣ አልልምም። መሬትም አልፈልግም። ያለችኝን ቤትና ዳሱን ብቻ፣ እርስዎ እስካሉ ድረስ። ጎመኑን አጥራለሁ፤ ዶሮዎቹንም እኔ አባርራቸዋለሁ፤ የጋሽ ዛኬዮ ዶሮዎች እኔን ይፈራሉ። ጋሽ ዛኬዮም ቢሆኑ የታላቅ እኅታቸውን ቃል አይሻገሩም፤ ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

መልስ እንዲጽፉልኝ አልጠይቅም፤ በሰው አፍ እንዲልኩብኝም አልፈልግም። ማክሰኞ ማታ ከሊዙሉ ስመለስ ገመዱን አየዋለሁ። ይሂድ ካሉ ገመዱን በእኔ ቋጠሮ ይያዙት፤ መሣሪያዬን ሰብስቤ ቅዳሜ ሳላስቸግር እወጣለሁ፤ ቶርኖውንም ሳልነካው። ይቆይ ካሉ በዳይሌሲ ቋጠሮ ላይ ይተዉት። ሌላ አያስፈልግም።

የሄደችውን በገነት ያኑርልን። ለእርስዎ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ሙቀጫዎ ባዶ አይዋል። ዘነዘናውን በምንም መንገድ እንዳይተዉት።

አማችዎ፣
እስከ ቅዳሜ


ረቡዕ፣ ከምሳ በፊት

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፤

እንደምን አደሩ? የትናንቱ ንፋስ እንዴት አደረገዎት? እኔ ደህና አድሬያለሁ። እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶኝ ዶሮ ሳልሰማ ነው የነቃሁት፤ ከዓመት ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ዛኬዮ መጡ። «ቅዳሜ አይሆንም። እኅቴ ቦሎቄው አልደረቀም አለች፤ ቦሎቄ ሳይደርቅ ሰው አይሸኝም» አሉኝ። ቦሎቄው ባለፈው ሳምንት ተወቅቷል። ይህን ሲነግሩኝ የተቀመጡት ቦሎቄው የታሰረበት ከረጢት ላይ ነበር። እኔም ከረጢቱን አየሁ፣ እሳቸውም አዩ። «መቼ ይደርቃል አሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እኔ ምን አውቄ! የቦሎቄውን ነገር እሷ ናት የምታውቅ» ብለው ተነሱ። ሲወጡ ግንዱን እንደ ልማዳቸው በከዘራቸው መቱት። «ኧረ ሥር ሰዷል ይህ ነገር» አሉና ሄዱ።

ትናንት ማታ ከሊዙሉ ስገባ ጭነቴን ሳላወርድ ነው ወደ ዳሱ የሄድኩት። ደብዳቤው ከሽብልቁ ሥር አልነበረም። ገመዱን አየሁ። በእኔ ቋጠሮ አልተያዘም። በዳይሌሲም አልተያዘም። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት፤ ሁለቱም ተፈትተዋል። የእኔው ቀላል ነው። የእሷ ግን አሥር ዓመት በላብና በዘይት የጠነከረ፣ በጥርስ እንኳ የማይፈታ ቋጠሮ ነበር፤ እኔ ላስተካክለው አንድ ጊዜ ሞክሬ ጥፍሬን ሰብሬበታለሁ። በወስፌ መሆን አለበት፤ ቃጫው ላይ የወጋው ምልክት አለ። ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ሲፈታም ምን እንደተሰማዎ መገመት አልፈልግም። በሁለቱ መሃል አንድ አዲስ ቋጠሮ አለ። አንድ ብቻ።

ዘነዘናውንም አየሁት። አራት ጣት ነበር የቀረው፤ የተቀረጸው ሁለት ጣት ብቻ ነው። አልቸኮሉም።

ዛሬ ማለዳ አንድ የወንበር እግር አስገብቼ ሞከርኩት። መርገጫው ከለመድኩት ዝቅ ይላል፤ እግሬ ቶሎ መሬት ይነካል፤ እንጨቱም በየርግጫው ግማሽ ዙር ይጎድለዋል። ይጉደል።

ጎመኑን ቅዳሜ አጥራለሁ። ማክሰኞ ሊዙሉ ነኝ፤ መሮው ተስሎ አግዳሚው ላይ ያድራል። እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ።

አማችዎ